ከመጨረሻዋ ደቂቃ በኋላ

በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንድ የእግር ኳስ ሰው እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ከመካከላችሁ «ፈተናቸው ደርሶ ሳለ ስለ ኳስ ያወራሉ?» የሚል ወላጅ ሳይኖር አይቀርም። እኛ ግን ይህን ርእስ የመረጥነው ፈተናው ስለ ደረሰ ነው።

ሰውየው ልዊስ አራጎኔስ ይባላል። በስፔን አገር፣ ያን ጊዜ በማድሪድ አጠገብ በነበረችው በኦርታሌዛ በ1938 ተወለደ፤ በንግግራችን የምንጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በወጣትነቱ ታላቁ ክበብ ሬአል ማድሪድ ወሰደው፤ ዳሩ ግን በዋናው ቡድን የሊግ ጨዋታ ሳያሰልፈው ለትንንሽ ክበቦች እያዋሰ አዞረው። እርሱም ተስፋ ሳይቆርጥ በኦቪዬዶና በቤቲስ ከተጫወተ በኋላ በ1964 ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ገባ። እዚያም 10 ዓመት ተጫውቶ 3 የሊግና 2 የአገር ዋንጫ ከጓደኞቹ ጋር አገኘ። በ1970 በተፈጸመው የሊግ ዘመን 16 ግብ አግብቶ ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጋር የግብ አግቢነቱን ክብር ተካፈለ። ለክበቡ ያገባው ግብ ከ170 በላይ ስለ ነበር፣ አንቷን ግሪዝማን በ2024 እስኪያልፈው ድረስ የሚስተካከለው አልተገኘም። በተለይ በቅጣት ምት የታወቀ ስለ ነበር ሰዎች «ባለ ትልልቅ ጫማ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ግንቦት 15 ቀን 1974 በብሩክሴል ከተማ አትሌቲኮና የጀርመኑ ባየርን ሙኒክ ለአውሮፓ ዋንጫ ተጋጠሙ። መደበኛው ሰዓት ያለ ግብ አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት፣ በ114ኛው ደቂቃ፣ አራጎኔስ ቅጣት ምት መትቶ አገባ። ዋንጫው በእጃቸው የገባ መሰለ። ነገር ግን ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ሽቫርሰንቤክ የተባለው የባየርን ተከላካይ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ። በዚያን ጊዜ አሸናፊው በፍጹም ቅጣት ምት ስለማይለይ ጨዋታው ከሁለት ቀን በኋላ ተደገመ፤ ባየርንም 4 ለ 0 አሸነፈ። አትሌቲኮ ይህን ዋንጫ እስከ ዛሬ አላገኘውም።

እስቲ አስቡት! አራጎኔስ ያን ጊዜ 36 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለእግር ኳስ ተጫዋች ይህ የሽምግልና ዕድሜ ነው፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣለት ያውቃል። ታዲያ ምን አደረገ? በዚያው ዓመት መጨረሻ መጫወቱን ትቶ የዚያው ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። ትናንት «አንተ» ይሉት የነበሩትን ጓደኞቹን ዛሬ ሊያዛቸው ተገደደ። ባየርን ከደቡብ አሜሪካው ሻምፒዮን ጋር አልጫወትም ስላለ ተራው ለአትሌቲኮ ደረሰ፤ በ1975ም የአርጀንቲናውን ኢንዴፔንዲየንቴን በድምር ውጤት 2 ለ 1 አሸንፎ የሁለቱን አህጉሮች ዋንጫ ወሰደ። በ1977ም የስፔን ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም ብዙ ክበቦችን አሠለጠነ፤ በ1988 ከባርሴሎና ጋር፣ በ1992 ከአትሌቲኮ ጋር የንጉሡን ዋንጫ አገኘ። ክበቡ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን በወረደ ጊዜም ተመልሶ በ2002 ወደ አንደኛው አወጣው። «የኦርታሌዛው ጠቢብ» እስከ መባልም ደረሰ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አራጎኔስ የስፔን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ በሆነበት በ2004፣ በልምምድ ሜዳ አንዱን ተጫዋቹን ሊያበረታታ ሲል ስለ ፈረንሳዊው ቲዬሪ ኦንሪ የቆዳውን ቀለም የሚያዋርድ ስድብ ተናገረ፤ የቴሌቪዥን ካሜራም ቃሉን ቀረጸው። እርሱ ዘረኛ አይደለሁም አለ። ፌዴሬሽኑ በ3,000 ኤውሮ ቀጣው፤ ቅጣቱ እጅግ አነሰ ያሉም ብዙ ነበሩ። አንዳንዶቻችን «እኛ የአፍሪካ ልጆች ይህን ሰው በበዓላችን ልናነሣው አይገባም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ በማዮርካ ያሠለጠነውን ካሜሩናዊውን ሳሙኤል ኤቶን አስታወስን፤ ኤቶ ስለ አሠልጣኙ በፍቅር ተናግሯልና። ሁለት ቀን ከተከራከርን በኋላ የተስማማነው በዚህ ነው፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የኤቶ ፍቅር የኦንሪን ስድብ አይሽረውም፤ ስድቡንም ደብቀን ዋንጫውን ብቻ ብናወራ ውሸታሞች እንሆናለን። ስለዚህ ሁለቱንም ነገርናችሁ።

በ2006 ስፔን በዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ 3 ለ 1፣ ቀጥሎም በሰሜን አየርላንድ 3 ለ 2 ተሸነፈች። አራጎኔስ ከዚያ በኋላ ዝነኛውን ራውልን ስላልጠራ ጋዜጦች ይሰናበት እያሉ ጮኹ። እርሱ ግን እነ ቻቪንና ኢኒዬስታን የመሳሰሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ኳስ ግን የማይነጠቁ ተጫዋቾችን መካከል ላይ አሰለፈ። ጉልበት ከሌለን ኳሱን እኛው እንያዝ ማለቱ ነበር። በ2008ም ጣሊያንን በፍጹም ቅጣት ምት አልፈው፣ ሰኔ 29 ቀን በቪዬና ጀርመንን በፌርናንዶ ቶሬስ ግብ 1 ለ 0 አሸነፉ። ስፔን ከ1964 ጀምሮ፣ 44 ዓመት ሙሉ፣ ታላቅ ዋንጫ አላየችም ነበር። አራጎኔስ 70 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ተከታዩ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ በ2010 የዓለምን ዋንጫ ሲያገኝ የተጫወቱት አብዛኞቹ እርሱ ያዘጋጃቸው ነበሩ። የካቲት 1 ቀን 2014 በማድሪድ ዐረፈ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በሚቀጥለው ወር ሁላችንም ለፈተና እንቀመጣለን፤ ሁላችንም ግን አናልፍም። ከመካከላችን በመጨረሻዋ ደቂቃ ግብ የሚገባበት ይኖራል። በዚያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብሩክሴልን አስታውሱለት፤ ከብሩክሴል እስከ ቪዬና 34 ዓመት ነው። ልጃችሁ ክፉ ቃል ከአፉ ያመለጠው እንደ ሆነ ግን በዋንጫው አትሸፍኑለት፤ ገሥጹት።