የሌሊት ፈረቃውን ጠይቁ



ውድ ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ ሲሚንቶ፣ ስኳር ወይም ብረታ ብረት ፋብሪካ ትገባላችሁ። ስለ ማሽኑ መምህራኖቻችሁ አስተምረዋችኋል፤ እኔ ስለ ሠራተኛው ልናገር።

በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከተማ የነበረው የጄኔራል ሞተርስ መኪና መገጣጠሚያ ከሥራ የሚቀር የበዛበት፣ አለቃና ሠራተኛ ዓይንና ናጫ የሆኑበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ተዘጋ። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው "አይረቡም" የተባሉት ሠራተኞች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ግን ጉድለት ያየ ሁሉ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችል ነበር፤ የቡድን መሪውም ሊያግዘው ይሮጥ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ጥራቱ ከጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ግንባር ቀደም ሆነ።

እኛም ካይዘን የተባለውን የማያቋርጥ ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ወስደን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት አቋቁመንለታል። የካይዘን ሰሌዳው በየፋብሪካው ተሰቅሏል። የሚጽፍበት አለቃው ብቻ ከሆነ ግን ግድግዳ ከማስዋብ አያልፍም።

በእርግጥ የሲሚንቶ እቶን በገመድ አይቆምም። ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በድንገት ከቆመ የውስጡ ጡብ ይሰነጠቃል፣ በትኩሱ ካልተሽከረከረ ቱቦው ይጎብጣል። ስለዚህ "ይቁም" የሚል ሰው አይወደድም። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛው ኩሽኔታው ሲጮኽ ይሰማል። ባለፈው የተናገረው ጓደኛው "አንተ ነህ ያበላሸኸው?" መባሉን ግን ያስታውሳል፤ ዝም ይላል። ሲነጋ ኩሽኔታው ተቃጥሎ እቶኑ ይቆማል። አስቀድሞ ቢነገር ግራሶ ሊበቃው ይችል ነበር። ከዚያ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴ መቼም አይጠፋም።

ልጆቼ፣ ሃያ ዓመት በጥገና የኖረውን መካኒክ "አንተ" ብላችሁ አትጥሩት። ብልሽት ሲነግራችሁ አብራችሁት ሄዳችሁ እዩ፤ ምን እንደተደረገም መልሳችሁ ንገሩት። ምንም ካልተደረገ፣ ለምን እንዳልተደረገ ንገሩት። ጓንትና የደህንነት ጫማ ላልተሰጠው ሰው ስለ ሥራ ባህል ስብሰባ መጥራት ድፍረት ነው፤ መጀመሪያ ጓንቱ ይምጣ።

ሥራ በጀመራችሁ ሳምንት አንድ ሌሊት ከፈረቃው ጋር እደሩ። የትኛው ማሽን እንደሚያስቸግራቸው ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ከነስማቸው መዝግባችሁ ጠዋት ለአለቃችሁ አቅርቡ። መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።