የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛና የተመራጭ ሹም የጡረታ መዋጮ

(በማኅበራችን የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ለወጣት ጆሮ ብዙ የሚጥም እንዳልሆነ ዐውቃለሁ። ጡረታ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን ምርኩዝ ይዞ በባንክ ደጃፍ ወረፋ የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ይሁን እንጂ የጡረታ ነገር የሚጀምረው ገና በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ነው። ከዚህ ግቢ ወጥተን መምህር፤ መሐንዲስ፤ የሒሳብ ሹም ወይም የከተማ ፕላን ሠራተኛ ሆነን ስንቀጠር፤ የደመወዛችን አንድ ክፍል እጃችን ሳይደርስ ይቀነሳል። የሚቀነሰው ለምን እንደ ሆነ፤ ማን ዘንድ እንደሚሄድና ከእኛ ጋር ሌላ ማን እንደሚያዋጣ ሳናውቅ ሠላሳ ዓመት መሥራት የተማረ ሰው ነገር አይመስለኝም።

የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛና ሠራተኛውን የሚያዝዘው በሕዝብ ድምፅ የተመረጠው ሹም ለጡረታ በምን ልክ ማዋጣት ይገባቸዋል? መዋጮው ሳይከፈል ቢቀርስ ዕዳው በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? የእኔን አስተያየት አስቀድሜ ልናገርና እናንተ ትከራከሩበታላችሁ። ሠራተኛውና ተመራጩ በአንድ ሕግና በአንድ ልክ ሊያዋጡ ይገባል። ከዚህ የሚበልጠው ግን መሥሪያ ቤቱ የሚያዋጣው ድርሻ በያመቱ መከፈሉ በሕዝብ ፊት መታወቅ ያለበት መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ የሕጉን አካሄድ ባጭሩ እንመልከት። በአገራችን በዐዋጅ ቁጥር 209/1955 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፤ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 6 ያዋጣ ነበር። ይህ ልክ ለሲቪል ሠራተኛው በዐዋጅ ቁጥር 345/1995 ጊዜም ሳይለወጥ ቆይቶ፤ በዐዋጅ ቁጥር 714/2003 የሠራተኛው ድርሻ ከመቶ 7፤ የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ከመቶ 11 እንዲሆን ተደነገገ። በእግሩ የተተካው ዐዋጅ ቁጥር 1267/2014ም ይህንኑ ልክ አጸና። እንግዲህ ከመቶ 10 የነበረው ጠቅላላ መዋጮ ከመቶ 18 ደርሷል ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለስሌት የሚመች ቍጥር ልውሰድ። ወር በገባ ብር 6,000 የሚከፈለው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ 420 ብር ይቀነስበታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ከራሱ 660 ብር ይጨምራል፤ በጠቅላላው 1,080 ብር ወደ ጡረታ ገንዘቡ ይገባል። በዐዋጅ 714 በተደነገገው ስሌት መሠረት፤ ይህ ሠራተኛ 10 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ቢወጣ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ታስቦ ከመቶ 30 ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጣሪያው ከመቶ 70 ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ከመቶ 55 ያገኛል፤ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ 3,300 ብር መሆኑ ነው። 10 ዓመት ሳይሞላው ለጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው ግን የሚሰጠው ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው እንጂ የወር አበል የለውም።

አሁን ወደ ተመራጩ እንምጣ። ሕጋችን የመንግሥት ሠራተኛ ሲል በቋሚነት የተቀጠረውን ብቻ አይደለም፤ ተሿሚውንና የሕዝብ ተመራጩንም ይጨምራል። ስለዚህ ደመወዝ የሚከፈለው ተመራጭ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ሁሉ ከመቶ 7 ይቀነስበታል። የዘወትር ሥራውን ሳይለቅ ለስብሰባ ብቻ የሚመጣ የምክር ቤት አባል ደግሞ የሚያዋጣው ከዚያው ከዘወትር ሥራው ደመወዝ ነው። ይህ አደራረግ በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ነው። የምርጫ ዘመን 5 ዓመት፤ የወር አበል የሚያሰጠው አገልግሎት 10 ዓመት መሆኑን ስናስብ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተመረጠ ሰው በዚያ ወንበር ብቻ አበል አያገኝም። አስቀድሞ መምህር ወይም ሐኪም የነበረ እንደ ሆነ ግን የቀድሞው አገልግሎቱ ተደምሮ ይታሰብለታል። ሹመት የሰውየው የሥራ ዘመን አንድ ክፍል ሆኖ ተቈጠረ እንጂ ከሌላው ተለይቶ ለብቻው ዙፋን አልተዘረጋለትም።

ነገር ግን ከዚህ ዐዋጅ ውጪ የቆመ ሌላ ሕግ አለ። ዐዋጅ ቁጥር 653/2001 ከኀላፊነት የሚነሡ የአገርና የመንግሥት መሪዎች፤ ከፍተኛ ሹማምንት፤ የምክር ቤት አባላትና ዳኞች የሚያገኙትን መብትና ጥቅም ለብቻው ደንግጓል። ከፍተኛ ኀላፊነት የተሸከመ ሰው ከሥልጣን ሲወርድ እንዳይቸገር ማሰቡን አልነቅፍም፤ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ያወቀ ሹም በሰላም ከወንበሩ ይነሣልና። ሆኖም የአንዱ ጡረታ በአንድ ዐዋጅ፤ የሌላው ጥቅም በሌላ ዐዋጅ ሲሆን፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመዘን የዜጎች ሁሉ በተለይም የሕግና የኤኮኖሚ ተማሪዎች ግዴታ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ መዋጮው ልክ ነው። አሁን ደግሞ የነገሩ ሥር ወደሆነው ልግባ። ሁለቱ ድርሻዎች፤ ማለት የሠራተኛው ከመቶ 7 እና የመሥሪያ ቤቱ ከመቶ 11፤ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ የሚያሰጋቸው ነገር አንድ አይደለም። የሠራተኛው ድርሻ ገንዘቡን ሳያየው ይቀነሳል፤ እምቢ ማለት አይችልም። የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ግን በጀት በሚያጸድቁና በሚያዝዙ ሰዎች እጅ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገድ፤ ውሃና ትምህርት ቤት የሚጠይቅ ሕዝብ ከፊታቸው ቆሟል፤ ጡረታውን የሚጠይቀው ሽማግሌ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማየት፤ የማዘጋጃ ቤት ጡረታ ለረዥም ዘመን የሠራበትን፤ ሒሳቡም በአደባባይ የሚታየውን የአሜሪካን ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በኒው ጀርሲ ግዛት የግዛቱ መንግሥት ሠራተኞችና የብዙ ከተሞች ሠራተኞች በአንድ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። በ1997 ግዛቱ ወደ 2.75 ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ በጡረታው ገንዘብ ውስጥ አገባና፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማዋጣት የሚገባውን ሙሉ ድርሻ ሳይከፍል ቀረ። ሠራተኛው ግን አንድም ወር አልቀረለትም። በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ የሠራተኛውን መዋጮ ከመቶ 5.5 ወዲያው ወደ 6.5፤ ከዚያም በሰባት ዓመት ውስጥ ወደ 7.5 አሳደገ፤ ጡረተኛው ለኑሮ ውድነት ያገኘው የነበረውን ጭማሪም አገደ። በለውጡ ግዛቱም ድርሻውን ደረጃ በደረጃ እስከ ሙሉ ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ክፍያውን ቀነሰ። ሠራተኞቹ ከሰሱ፤ የግዛቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ያንን ክፍያ መንግሥት በግድ እንዲከፍል ሊታዘዝ አይችልም ብሎ ፈረደ። ግዛቱ ሙሉ ድርሻውን የከፈለው ከሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ በ2022 የበጀት ዓመት ነው። የሠራተኛው መዋጮ በሕግ ኀይል ይሰበሰባል፤ የመንግሥት መዋጮ ግን እንደ መልካም ፈቃድ ተቈጠረ ማለት ነው።

ስለ ተመራጮችስ ምን አደረጉ? በዚያው ግዛት አንዳንድ ሹማምንት ጥቃቅን ሥራዎችን በመደራረብ ጡረታቸውን ያወፍራሉ የሚል ብርቱ ቅሬታ ስለ ነበረ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ አዲስ የሚመረጥ ሹም ከአጠቃላዩ የጡረታ ሥርዓት ወጣ። በፈንታው ከደመወዙ ከመቶ 5.5፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከመቶ 3 በግል ሒሳቡ ያስቀምጡለታል፤ የተወሰነ የወር አበል ግን አይጠብቅም። ይህ ለማጭበርበሩ መድኀኒት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በጀቱን የሚወስነው ሰው የራሱ ሽምግልና ከሠራተኛው ጋር በአንድ ገንዘብ ላይ እንዳይቆም አደረገው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከ2007 በፊት ሹሙና ሠራተኛው አንድ ላይ በነበሩበት ጊዜም ክፍያው ተዘልሏል። ስለዚህ በአንድ ሕግ መተዳደር አስፈላጊ ነው እንጂ ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡን የሚያይ የሕዝብ ዓይን ያስፈልጋል።

ክፍያው ተጓድሎ ከተማው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ደግሞ ዲትሮይት ታሳየናለች። ይህች የሞተር መኪና ከተማ በሐምሌ 2013 ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ ይዛ መክሰሯን ለፍርድ ቤት አመለከተች። የሚሺጋን ሕገ መንግሥት የተሠራበት ጡረታ እንዳይነካ ይከለክላል፤ የፌዴራሉ ዳኛ ግን በኪሳራ ሕግ ጊዜ ጡረታም ሊቀነስ እንደሚችል ወሰነ። በ2014 በጸደቀው ዕቅድ የአጠቃላይ አገልግሎት ጡረተኞች አበል ከመቶ 4.5 ተቀነሰ፤ የኑሮ ውድነት ጭማሪያቸውም ጨርሶ ቀረ። የፖሊስና የእሳት አደጋ ጡረተኞች አበላቸው ባይቀነስም ጭማሪያቸው ከግማሽ በላይ ጐደለ። በጎ አድራጊ ድርጅቶችና ግዛቱ ገንዘብ ባይሰጡ ኖሮ ጉዳቱ ከዚህ በባሰ ነበር። መንገድ ጠርጎ፤ ውሃ አስተላልፎ፤ መዋጮውንም ከፍሎ የወጣ ሽማግሌ ባላጠፋው ጥፋት ተቀጣ። «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረታችን ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የእኛ ከተሞች ድኾች ናቸው፤ አስቀድሞ ውሃና መንገድ ይሠራ፤ የጡረታው ድርሻ ቢዘገይ ምን ይላል?» ይላሉ። መልሴ ይህ ነው። ያልተከፈለ መዋጮ ያለ ወለድ የተወሰደ ብድር ነው፤ አበዳሪውም ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ ያለው፤ ሳይጠየቅ ያበደረው ሠራተኛ ነው። መንገድ በብድር መሠራት ካለበት በግልጽ ይበደሩ፤ ምክር ቤቱም ይወቀው። ሌሎች ደግሞ «ተመራጭ ለአምስት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ስለ ሆነ ከመዋጮ ነጻ ይሁን» ይላሉ። ይህማ ከሆነ ለሦስት ዓመት የሚቀጠረውን ወጣት መሐንዲስስ ምን ልንለው ነው?

ወደ አገራችን ስንመለስ ሦስት ነገር እንድንነጋገርበት አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ሕጉ የሚያየው ቋሚውን ሠራተኛ ነው። በከተሞቻችን ከቤት ወደ ቤት ቈሻሻ ከሚሰበስቡት ብዙዎቹ በጥቃቅን ማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ናቸው፤ በቀን ሒሳብ የሚቀጠሩም አሉ። ሥራቸው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ በማዘጋጃ ቤት ሠራተኛነት ግን አይቈጠሩም፤ ከመቶ 11ዱም አይታሰብላቸውም። ለተመራጩ ሹም በሕጉ ቦታ ከተገኘ፤ ከተማውን በሌሊት ለሚያጸዳው ሰው ቦታ የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሁለተኛ፤ የተዋጣው ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ ይጠየቅ። እስከ 2012 ዓ.ም. የጨረታ ማሻሻያ ድረስ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚከፍለው ወለድ ከዋጋ ንረት እጅግ ያነሰ ነበር፤ ከዋነኞቹ ገዥዎች አንዱም የጡረታው ገንዘብ ነበር። መዋጮ በሙሉ ተከፍሎም ገንዘቡ ቁጭ ብሎ ሊያልቅ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛ፤ ማንኛውም የከተማ ምክር ቤት በጀት በሚያጸድቅበት ቀን፤ ያለፈው ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ በሙሉ መከፈሉን ወይም አለመከፈሉን በአንድ ገጽ ጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ይለጥፍ። አዲስ አበባን ብንወስድ ምክር ቤቱ 138 ወንበሮች አሉት፤ ከነዚህ መካከል አንዱ ተነሥቶ «የሠራተኞቹ 11 ከመቶ ገባ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ክቡራን መምህራን፤ ከእናንተ መካከል በየወሩ ለብዙ ዓመታት ሲቀነስባችሁ የኖራችሁ አላችሁ፤ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁና የጐደለውን እንድትሞሉልኝ እለምናለሁ። እናንተም ጓደኞቼ፤ ክርክሩ ሲከፈት በተለይ ሦስተኛውን ሐሳብ እንድትመረምሩልኝና ከተስማማችሁበት በማኅበራችን ስም ተጽፎ ለከተማው ምክር ቤት እንዲላክ እንድትወስኑ አሳስባለሁ።