ሆድ፣ አንጀትና ኮምፒውተር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘፈን ግጥም ነው። አይግረማችሁ፤ መድረሻዬ የምርመራ ክፍል ነው።

ኮምፒውተር ከግጥም ስሜት እንዲለይ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፦ ሰዎች ብዙ ግጥሞችን አንብበው "ደስታ"፣ "ሐዘን"፣ "ቁጣ" እያሉ ምልክት ያደርጉባቸዋል። ማሽኑም የትኛው አነጋገር ከየትኛው ምልክት ጋር እንደሚሄድ ይማራል። ጀምስ ራስል በ1980 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ሞዴል የሚከተሉ ደግሞ ስሜትን በሁለት ነገር ይለካሉ፤ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝና ምን ያህል እንደሚያነቃቃ።

እስቲ የኛን ዘፈን ስጡት። "አንጀቴን በላው" ሲባል ሕመም ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ እኛ ግን ርኅራኄ መሆኑን እናውቃለን። ሰምና ወርቅ ሲመጣማ ሰሙን ይዞ ሊቀር ነው። የትዝታ ዘፈን ውስጥ ሐዘኑና ጣዕሙ አብረው ስላሉ አንድ ምልክት አይበቃውም።

ይሄ ለሐኪም ምኑ ነው? በሽተኛ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ብሎ ሲመጣ፣ ሆዱን ብቻ መርምረን ከሸኘነው ድባቴው ያመልጠናል። ከሰው ጽሑፍ ድባቴን ለመለየትም በዚሁ ዘዴ እየተሞከረ ነው። ቋንቋችንን በቅጡ ያልተማረ ማሽን ክሊኒክ ቢገባ፣ ያንኑ ስሕተት በብዙ ሰው ላይ ይደጋግመዋል።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፦ የሕክምናና የአማርኛ መምህራን አብረው ተቀምጠው ምልክቱን ያዘጋጁ። አንባቢዎች በአንድ ግጥም ላይ ካልተስማሙም ልዩነታቸው ተመዝግቦ ይቆይ፤ ማሽኑ ከሱም ይማራል።