ዑደትን ስለ መፈለግ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የጻፈችውን ትክክለኛ መልስ ስሕተት ነው ብዬ በቀይ ቀለም ሰርዤዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ስሕተት ካሣ ይሁንልኝ።

የአንድ ፋንክሽን ዑደት ማለት ፋንክሽኑ ዋጋዎቹን ሁሉ ሳያዛንፍ የሚደግምበት፣ ከዜሮ የሚበልጥ ትንሹ ርዝመት ነው። የሳይንና የኮሳይን ዑደት 2ፓይ፣ የታንጀንት ደግሞ ፓይ ነው። ሀ በአንድ አዎንታዊ ቁጥር ሲባዛ ዑደቱ ለዚያው ቁጥር ይካፈላል። ስለዚህ የሳይን 4ሀ ዑደት ግማሽ ፓይ፣ የኮሳይን 6ሀ ዑደት የፓይ ሲሶ ይሆናል።

ሁለቱ ሲደመሩስ? ይህን የመሰለውን ጥያቄ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የ19 ዓመቱ ዐውደ አበቅቴና የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው፤ ይኸውም የሁለቱ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። በዚሁ መንገድ የግማሽ ፓይና የፓይ ሲሶ ትንሹ የጋራ ብዜት ፓይ ስለ ሆነ የድምሩ ዑደት ፓይ ነው። የሳይን ሀ እና የሳይን √2ሀ ዑደቶች ግን ንጥጥራቸው በሙሉ ቁጥሮች ስለማይገለጽ የጋራ ብዜት የላቸውም፤ ድምራቸውም ዑደት የለውም።

ይሁን እንጂ የጋራ ብዜት ድምሩ መደገሙን ያረጋግጣል እንጂ ርዝመቱ ትንሹ መሆኑን ሁልጊዜ አያረጋግጥም። የፈተናው ጥያቄ የሳይን ሀ አራተኛ ርቢ ከኮሳይን ሀ አራተኛ ርቢ ጋር ሲደመር ዑደቱ ስንት ነው የሚል ነበር። የእያንዳንዳቸው ዑደት ፓይ በመሆኑ እኔ «ፓይ» አልሁ፤ ተማሪዋ «ግማሽ ፓይ» አለች። በሀ ላይ ግማሽ ፓይ ሲጨመር ሳይን ወደ ኮሳይን ይለወጣል፤ ኮሳይንም ምልክቱን ቀይሮ ሳይን ይሆናል። አራተኛው ርቢ ምልክቱን ስለሚያጠፋው ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ድምሩ አልተለወጠም። ድምሩ ሲቀለል 3/4 ሲደመር የኮሳይን 4ሀ ሩብ ነውና ዑደቱ ከግማሽ ፓይ አያንስም።

እርሷ የዑደትን ትርጉም ጠየቀች፤ እኔ ደንቡን ብቻ ያዝሁ። ስሕተቴን ባወቅሁ ጊዜ ተማሪዋ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳ ነበር።

ስለዚህ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ደንቡን ካስተማርን በኋላ «ከዚህ ያነሰስ አይገኝምን?» የሚለውን ጥያቄ አብረን እናስተምር፤ ቀዩን ቀለም ከማንሣታችንም በፊት ራሳችንን እንጠይቅ።