ዓባይን ከመሻገር አስቀድሞ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ ለአንዲት ትንሽ የውሃ ማፋሰሻ እንኳ ቢሆን ቦታውን ሳይለካ፣ የሥራውን ዝርዝር ሳያወጣና ዋጋውን ሳይገምት ቁፋሮ አያስጀምርም። ይኸው ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ በተጠራ ጊዜ ግን አሠራሩ ይለወጣል። ቤቱን፣ የሚስቱን መተዳደሪያ፣ የልጆቹን ትምህርትና የወላጆቹን ጧሪነት የሚነካ ታላቅ ሥራ ሊጀምር ተነሥቶ ሳለ፣ ሒሳቡን የሚያቆመው በአንዲት ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ ይህችውም በቅጥሩ ወይም በዝውውሩ ደብዳቤ ላይ የተጻፈችው የደመወዝ ቁጥር ናት። ከዚህ የተነሣ ጓዙን ጭኖ በሄደ በዓመቱ ዕዳ ተሸክሞ የሚመለስ፣ ወይም ለመመለስ አፍሮ በችግር የሚኖር ባለሙያ ጥቂት አይደለም።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሂዱ ወይም ቅሩ ብሎ መምከር አይደለም። ለመሄድም ሆነ ለመቅረት የሚቆርጥ ሰው አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባውን ሒሳብ በየተራው ማሳየት ነው።

ጉዞው በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ደብረ ማርቆስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የጎጃም መናገሻ ከሆነ ወዲህ ነጋዴውም፣ ባለጉዳዩም፣ ተማሪውም ዓባይን እየተሻገረ ወደ ሸዋ ሲመላለስ ኖሯል። መንገደኛው በእግርና በበቅሎ በሚጓዝበት በዚያ ዘመን በሶውና ቆሎው የሚሰፈርለት የጉዞው ቀን ተቆጥሮ ነበር፤ ስንቁን ሳይሰፍር ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው እንደ ቂል ይቆጠር ነበር። ዛሬ 300 ኪ.ሜ. ያህል የሚሆነው መንገድ በደህና ጊዜ የአንድ ቀን ጉዞ ሆኗል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ለአገልግሎት በቅቷል። መንገዱ ማጠሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስንቅን የመስፈር ልማድም ከመንገዱ ጋር አብሮ አጥሯል።

1ኛ/ የገቢው እውነተኛ መጠን

የመጀመሪያው ሥራ ከደመወዙ ውስጥ እጅ የሚገባውን ለይቶ ማወቅ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይቀረጣል፤ ከ14,000 ብር በላይ የሚገኘው እያንዳንዱ ብር 35 በመቶ ግብር አለበት። በዚህ ላይ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ይታከላል።

ለማስረዳት ያህል በደብረ ማርቆስ 14,000 ብር የሚከፈለውን አንድ ባለሙያ መመልከት ይቻላል። ግብሩ 2,850፣ መዋጮው 980 ብር ስለሚሆን እጁ የሚገባው 10,170 ብር ነው። አዲስ አበባ በ20,000 ብር ደመወዝ ጠራችው እንበል። ግብሩ 4,950፣ መዋጮው 1,400 ብር ሆኖ የሚተርፈው 13,650 ብር ይሆናል። እንግዲህ በደብዳቤው ላይ የ6,000 ብር ዕድገት ሆኖ የታየው ነገር ኪስ ሲደርስ 3,480 ብር ብቻ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወጪ ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህች ቁጥር እንጂ በ6,000 ብሩ አይደለም።

2ኛ/ የመኖሪያ ቤት

ከወጪዎች ሁሉ የሚከብደው የቤት ኪራይ ነው። በዚህ ረገድ ከአባቶች የሚሰማው ምክር በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት እጅ እንዲሆን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ የቀበሌ ቤት ያገኘ ሠራተኛ ኪራይን እንደ ትልቅ ወጪ ሳይቆጥር ልጆቹን አሳድጓል። ያ ዘመን አልፏል። ከዚያ በኋላ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራምም ቢሆን በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ዕጣ ሲጠባበቁ ለኖሩት እንጂ ዛሬ ሻንጣውን ይዞ ለሚገባው እንግዳ አይደርስም። ስለዚህ እንግዳው የሚገጥመው የግል ኪራይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለተከራዩ መጠነኛ መከታ ሆኗል። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪውም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚወስነው መጠን ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ደላላ ባመጣለት ወረቀት ላይ ሳያነብ ይፈርማል። የሚያውቀው ደግሞ ውሉን ከማስመዝገቡ በፊት ገንዘቡን ቆጥሮ አያስረክብም።

ከኪራዩ ጋር የሥራ ቦታው ርቀት አብሮ መታየት አለበት። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ የተገኘ ረከስ ያለ ቤት ሥራው መሐል ከተማ ለሆነ ሰው የታክሲ ወጪንና በየቀኑ ሰልፍ ላይ የሚያልቅ ሰዓትን ያስከትላል። የረከሰው ቤት ከውዱ ቤት ይልቅ የሚያስወጣበት ጊዜ አለ። የሚወዳደረውም የኪራዩና የመጓጓዣው ድምር ነው።

3ኛ/ በደብዳቤ ላይ ያልተጻፈው ኪሳራ

ባለሙያዎች አብዝተው የሚዘነጉት የሚስትን ገቢ ነው። በምሳሌው ላይ ያለው ባለሙያ ሚስት በደብረ ማርቆስ የልብስ ስፌት መኪና አላት እንበል። ለዓመት በዓል ቀሚስ የሚያሰፉ ደንበኞች በእምነት ብር አስቀድመው ይሰጧታል፤ ከዚህም ሥራ በወር 3,000 ብር ወደ ቤቷ ይገባል። መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና አዲስ አበባ ትደርስ ይሆናል፤ ደንበኞቿ ግን አይጫኑም። ሥራዋ እንደገና እስኪቆም ድረስ የቤቱ ሒሳብ በዚያው መጠን ይጎድላል።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ማየት ይበጃል፤ የኪራዩና የመጓጓዣው መጠን የአሠራሩን መንገድ ለማሳየት የተወሰደ ግምት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ኪራይ 2,500፣ የአዲስ አበባው 7,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ 4,500 ነው። በመጓጓዣ 1,200 ብር ይጨመራል። የሚስቲቱ 3,000 ብር ይቀራል። ድምሩ 8,700 ብር ሲሆን በአንጻሩ የተገኘው የደመወዝ ዕድገት 3,480 ብር ነው። ቤተሰቡ «ዕድገት» አግኝቶ በየወሩ በ5,220 ብር ደኸየ ማለት ነው።

ሒሳቡን ወደ ኋላ ማስኬድም ይቻላል። ከ14,000 ብር በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ብር ግብርና ጡረታ ተቀንሶ የሚተርፈው 58 ሳንቲም ስለሆነ፣ 8,700 ብሩን ለመሸፈን የ15,000 ብር ጭማሪ ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ባለበት ደረጃ ለመኖር ብቻ 29,000 ብር ደመወዝ ሊቀርብለት ይገባል። ባለሙያው ይህን ቁጥር ይዞ ከቀጣሪው ጋር ሲነጋገር ልመና አይሆንበትም፤ ስሌት ያቀርባል።

4ኛ/ የዝውውሩ ወጪ

ከወር ወጪው የተለየ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ገንዘብም አለ። የሁለት ወር የኪራይ ቅድሚያ 14,000፤ የመኪናና የጫኝና አውራጅ 30,000፤ የደላላ 3,000፤ የጎደለውን ዕቃ ለመተካት 10,000፤ ለጉዞ፣ ለመጀመሪያ ሳምንት ምግብና ለትምህርት ቤት ምዝገባ 6,000 ብር ተብሎ ቢገመት 63,000 ብር ይሆናል። መሐንዲስ በማንኛውም ግምት ላይ መጠባበቂያ እንደሚጨምር ሁሉ 15 በመቶ ቢታከልበት 72,450 ብር ይደርሳል። ይህም ባለሙያው በደብረ ማርቆስ ከሚያገኘው የሰባት ወር የተጣራ ደመወዝ ይበልጣል። በመሥሪያ ቤት ዝውውር የሚሄድ ከሆነ የጓዝ ማጓጓዣው የሚከፈለው መሆኑንና መጠኑን ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ዕቃ ሲጫን «ሁሉም ይሂድ» የሚባለው አሠራር ውድ ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የማጓጓዣው ድርሻ፣ እዚህ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋና እዚያ ለመግዛት የሚጠይቀው ገንዘብ ጎን ለጎን ይጻፍ። የቆየ ቁም ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ቢሸጥ ይሻላል፤ የስፌት መኪናዋና የባለሙያው መጻሕፍት ግን ይሂዱ። ጤፍን በሚመለከት ከጎዛምን ወይም ከአካባቢው ወረዳዎች የሚላክ የወላጅ ጤፍ ለአዲስ አበባው ቤት ትልቅ ድጎማ ነው፤ ሆኖም የማስጫኛው ዋጋ በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። የትምህርት ዘመን መለወጫ ክረምት ላይ ስለሚውል ቤተሰቡ የሚነሣው ከሰኔ በኋላ ነው፤ ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የበረሃ መንገድ በመሬት መንሸራተት የሚቸገረውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ከባዱ ጓዝ ዝናቡ ሳይበረታ አስቀድሞ ቢላክ ይመረጣል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩም ለሁሉም የታወቀ ነው። በመሆኑም በአንድ ቀን ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ አይሠራም። የኪራይ ውሉ፣ የሥራ መጀመሪያው ቀንና የጓዙ መነሻ ቀን በመካከላቸው የሚላወሱበት ጊዜ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከገንዘብና ከዕቃ ሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ሕይወት ይቀድማል።

5ኛ/ የማኅበራዊ ኑሮ ሒሳብ

በደብረ ማርቆስ ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን ከበላ በኋላ ቢነሣ የቀረው መዋጮ ዕዳው ነው፤ ካልከፈለ ዋሱን ያዋርዳል። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ወይ ይጨርስ፣ ወይም በየጊዜው የሚልክበትን መንገድ ከዳኛው ጋር ይዋዋል። የዕድሩም ነገር እንዲሁ ነው። እናት አባቱ በሕይወት ያሉ ሰው የአገር ቤቱን ዕድር ማቋረጥ አይገባውም፤ በአዲሱ ሰፈርም ሌላ ዕድር መግባት ግድ ይሆንበታል። ሁለት ዕድር መክፈል ብክነት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሐዘን ቀን ማን ድንኳን እንደሚተክል አስቀድሞ ማወቅ ከማንኛውም መጠባበቂያ ይበልጣል። ከዚህም ሌላ ለሕክምና፣ ለክስና ለትምህርት ወደ ዋና ከተማ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ማረፊያው ይኸው ቤት ነው። እንግዳን መመለስ ነውር ስለሆነ የእንግዳ ወጪ በየወሩ ሒሳብ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።

6ኛ/ የዋጋ ለውጥና መጠባበቂያ

የተሠራ ሒሳብ ሁሉ በጊዜ ይሻራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀን በፊት ግምቱን የሠራ ሰው ሁሉ እንደገና መሥራት ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ጥሬ ገንዘብ ሳይነካ በባንክ መቀመጥ አለበት። የቀድሞ ሰዎች የመመለሻ ስንቅ የሚሉት ይህ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

በምሳሌው ላይ ያለው ባለሙያ ሒሳቡን ከሠራ በኋላ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው የሚበቃውን ደመወዝ ጠይቆ ሲፈቀድለት ቤተሰቡን ይዞ መሄድ ነው። ሁለተኛው ብቻውን ሄዶ ከባልደረባ ጋር ቤት ተጋርቶ ለስድስት ወር መሥራትና ሚስቱ መጥታ ሰፈሩን፣ ትምህርት ቤቱንና የስፌቱን ገበያ ራሷ አይታ እንድትወስን ማድረግ ነው፤ የሚቀንሰው ገቢ የእርሷም ነውና ያለ እርሷ ፊርማ ሒሳቡ አይጸድቅም። ሦስተኛው መቅረት ነው። መቅረትም ተሰልቶ የተደረሰበት ከሆነ የተሟላ መልስ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው ዩኒቨርሲቲ፣ በመንገድና በውሃ ሥራዎች የደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለሙያ የማይፈለግበት ጊዜ የለም።

ማኅበሩም የበኩሉ ድርሻ አለበት። በአዲስ አበባ የሚኖሩ አባላት የየሰፈሩን ኪራይ፣ የመጓጓዣውን ወጪና የትምህርት ቤቱን ሁኔታ በየዓመቱ ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ የሚዛወር ባልደረባ በደላላ ቃል ከመመራት ይድናል። ለሌሎች ድልድይ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ የራሱን ቤተሰብ በግምት ማሻገር አይገባውም።