የማይሳካ ማሻሻያና ድምፅ የሌለው ዲስክ



የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በደጋው ዳባት የልደትና የሞት መዝገብ ማጠናቀር የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ የዓመታት ልፋት ዛሬ ከመዳፍ በማይበልጥ ኤስኤስዲ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የዊንዶውስ ማሻሻያ ተጭኖ ሊያበቃ ሲል ደጋግሞ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ባለሙያው የሚወቅሰው ኔትወርኩን ወይም የመብራቱን መቆራረጥ ነው። እውነት አለው፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የቀድሞው ዲስክ ሊሞት ሲል ይንቋቋ ነበር። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ዝም ብሎ ይሞታል። በላዩ በተጻፈ ቁጥርም ስለሚያልቅ፣ ማሻሻያውን መደጋገሙ ራሱ ሕመሙን ያባብሳል።

ስለዚህ አስቀድሞ መዝገቡ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ቀጥሎ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው የስማርት ንባብ ይታይ፤ «ደኅና ነው» ቢልም ፈጽሞ አይታመንም። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።