ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተነገረ)

እህቶቼ፣ እኔ ንግግር አላውቅም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ባለፈው ጥር ማዳም ልጆቹን ቤካ ሸለቆ፣ ዓሚቅ ወደሚባለው ረግረግ ስትወስድ እኔም ምግቡን ተሸክሜ ሄድኩ። ገና በደንብ አልነጋም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሸምበቆው መሀል በዓይን የማይለይ ቀጭን መረብ ተዘርግቷል። የተያዘችውን ወፍ በጨርቅ ከረጢት አመጧት። ክንፏን በማስመሪያ ለኩ፣ ሆዷ ላይ እፍ ብለው ላባውን ገልጠው ስቧን አዩ፣ መዘኗት። 8 ግራም! ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሏት። ከዚያ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ትንሽ ቀለበት አድርገው ለቀቋት።

"ይዞ መልቀቅ ምን ይጠቅማል?" ብዬ በዚያች ዓረብኛዬ ጠየቅኩ። ሰውየው፣ ሌላ አገር ብትያዝ ወይ ሞታ ብትገኝ በቁጥሩ ከየት እንደመጣች ይታወቃል አለኝ። በዚያ ሸለቆ በኩል ወደ አፍሪካ የሚሄዱና የሚመለሱ ወፎች ብዙ ናቸው።

እኔ ግን ስለራሴ አሰብኩ። ፓስፖርቴ የማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። መንገድ ላይ ብወድቅ የማን ልጅ እንደሆንኩ ማን ያውቃል? 8 ግራም ወፍ እንኳ ጠያቂ አላት።

ስለዚህ ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ስማችንን፣ የአገር ቤት ስልክና የምንሠራበትን ሰፈር በማህበራችን ደብተር እናስመዝግብ። ፓስፖርቷን ያገኘች ፎቶ አንስታ ለምታምናት እህት ትላክ። ስልክ የሌላት አንድ ቁጥር በቃሏ ትያዝ። ቤት ስትቀይሩም ንገሩን።